ሲፍኖስ በእግር፦ ምሳ ላይ የሚያልቅ መንገድ

ለባልና ሚስት የሚሆን የግሪክ ደሴት ሲባል ቶሎ የሚጠሩት ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ናቸው። ለፎቶ ከሆነ ይሁን። በእግር መሄድና ጥሩ ምግብ መብላት ለሚወዱ ሁለት ሰዎች ግን ሲፍኖስን የሚያህል የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሲፍኖስ በኤጂያን ባሕር፣ በምዕራባዊ ሲክላዴስ ደሴቶች መካከል የምትገኝ፣ ስፋቷ 74 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ደሴት ናት። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ምልክት የተተከለባቸው የእግር መንገዶቿ ሲደማመሩ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ፤ ምግብ አብሳዮቿ ደግሞ በመላ ግሪክ ስም ያላቸው ናቸው።

እዚህ ደሴት ላይ የቀኑ ዕቅድ የሚወጣው ምሳ የት ይበላል ከሚለው ተነሥቶ ነው። ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ዋና ዋናዎቹ መንደሮች፣ አፖሎኒያና አርቴሞናስ፣ መሐሉ ላይ ከባሕር ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ታቬርና የሚባሉት የባሕር ዳር ምግብ ቤቶችና መዋኛዎቹ ታች ናቸው። ስለዚህ ጠዋት በቀዝቃዛው ከላይ ተነሥቶ መውረድ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ባሕር ገብቶ መውጣት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ማዕድ መቅረብ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ላይ መመለስ ነው። ይህን ገልብጦ ታች የሚያድርና ጠዋት በዳገት የሚጀምር፣ ወይም ከምሳና ከወይን በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ደሴቲቱን ሳያይ ላቡን ሲጠርግ ይውላል። (እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የመርከቡና የአውቶቡሱ ሰሌዳ ግን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነውና 14:00 ማለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት መሆኑን አትርሱ። በዚህ የተነሣ መርከብ ያመለጠው አበሻ አይጠፋም።)

ማረፊያም በዚሁ ሂሳብ ይመረጣል። ወደቡ ካማሬስ አሸዋማ ዳርቻ አለው፤ ልጆች ላሏቸው ይመቻል፤ ለእግረኛ ግን በየጠዋቱ 5 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሽቅብ መውጣት ግድ ይላል። አፖሎኒያ የመንገዱም የአውቶቡሱም መገናኛ ስለሆነች ትመረጣለች። ችግሯ ስቴኖ የሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ መጠጥ ቤቶቹ እስከ ሌሊት ስለሚጮሁ እዚያ አካባቢ ክፍል የያዘ አይተኛም። አርቴሞናስ ወይም ኤክሳምቤላ ከአፖሎኒያ በእግር ደቂቃዎች ብቻ ይርቃሉ፤ ጸጥታም አለ። መኪና መከራየት አያስፈልግም። እንዲያውም ዕቅዱን ያበላሻል፤ መኪናው የቆመበት ቦታ መመለስ ስላለባችሁ መንገዱ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ይሆናል።

አደራረሱ እንዲህ ነው። ከአቴና አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፒሬየስ ወደብ ሜትሮው ሳያስቀይር ያደርሳል፤ የአንድ ሰው ቲኬት 9 ዩሮ፣ ጊዜው አንድ ሰዓት ገደማ። ከፒሬየስ ፈጣኑ መርከብ በሁለት ሰዓት ተኩልና በሦስት ሰዓት መካከል ሲደርስ፣ መደበኛው አምስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። መደበኛው ርካሽ ነው፤ ደጅ ወጥቶ መቀመጥም ይቻላል፤ ማዕበል ሲኖር ደግሞ ሆድ የሚያናውጠው ፈጣኑ ነው። ወደቡ ሰፊ ስለሆነ ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን የበር ቁጥር አስቀድማችሁ እዩ፤ ከአንዱ በር ሌላው ሻንጣ ይዞ የሚሮጡት ርቀት አይደለም። ቲኬት በስም ስለሚቆረጥ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም፤ የአባትና የአያት ስም በሚምታታብን በእኛ ዘንድ ይህ ተራ ነገር አይደለም። በሌላ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁም ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ሁለቱንም ያዙ።

ወሩን በተመለከተ፣ በፈረንጆች ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ፣ ወይም ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ያለው ጊዜ ይመረጣል። በጸደይ ኮረብታው አበባ ነው፣ ባሕሩ ግን ገና ቀዝቃዛ። በመስከረም ሣሩ ደርቋል፣ ባሕሩ ግን ሞቋል። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም ሰዉም ይበዛል፤ በዚያ ላይ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ቀናትን ሙሉ ይነፍሳል፤ ሲበረታ መርከቦች እንዳይወጡ ይታገዳል፤ ፈጣኖቹ ደግሞ ቀድመው ይቀራሉ። ስለዚህ ከደሴቲቱ የምትወጡበትና ወደ አገር የምትበሩበት ቀን አንድ አይሁን። መሐል ላይ አንድ ሌሊት በአቴና ወይም በፒሬየስ ማደር አውሮፕላን ከማጣት ይረክሳል። በኅዳርና በየካቲት መካከል ደግሞ አብዛኛው ታቬርና ዝግ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ጉዞ አይሆንም።

አንድ መንገድ ብቻ ለመሄድ ጊዜ ያለው ከአፖሎኒያ ተነሥቶ በካስትሮና በፋሮስ በኩል ክሪሶፒጊ ድረስ ይሂድ። ርዝመቱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እየቆሙ ሲሄዱ አራት ሰዓት ይወስዳል። የመጀመሪያው ክፍል በድንጋይ የተነጠፈ የድሮ የበቅሎ መንገድ ነው፤ በወይራ ዛፍና በእርከን መካከል እየወረደ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ካስትሮ ያደርሳል። ካስትሮ በገደል አናት ላይ የተሠራ የመካከለኛው ዘመን መንደር ነው። የዳር ቤቶቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ራሳቸው ቅጥር ሆነዋል፤ የሚገባውም በቅስት በሮች ነው። በመተላለፊያዎቹ ላይ የሮማውያን ዘመን የድንጋይ ሬሳ ሣጥኖች እንደ ዋዛ ተቀምጠው ታያላችሁ። ከመንደሩ በታች በምሥራቅ በኩል፣ ወደ ባሕር በገባ ዓለት ላይ የሰባቱ ሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ደረጃው ወርዶ እንደገና ይወጣል። ነፋስ በበረታ ቀን እዚያ ጫፍ ላይ ለመቆም ያስቸግራል፤ ኮፍያ በእጅ ይያዝ።

ከካስትሮ በኋላ ያለው የባሕር ዳር መንገድ ዛፍ የለውም። ፋሮስ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ካስትሮ ላይ ውኃ ሳይሞሉ መውጣት አይገባም። ከዚህ መንገድ ውጭ፣ በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ዳር፣ አጊዮስ ሶስቲስ የሚባለው ቦታ ጥንታዊ የብር ማዕድን ጉድጓዶች አሉበት። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ሲፍኖሳውያንን ከደሴት ነዋሪዎች ሁሉ ባለጸጎች ብሏቸዋል፤ ሀብቱ የመጣው ከደሴቲቱ የወርቅና የብር ማዕድን ነበር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ525 ገደማ በዴልፊ መቅደስ ያሠሩት የእብነ በረድ ግምጃ ቤትም በዚሁ ገንዘብ ነው። ጉድጓዶቹ ድጋፍ የላቸውም፤ ከደጅ አይቶ ማለፍ ይበቃል።

ፋሮስ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ይደክመውና ይቀመጣል። ባይቀመጥ ይሻላል፤ ክሪሶፒጊ ለመድረስ የቀረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ መንገዱም ባሕሩን ተከትሎ የሚሄድ ቀላል ነው። በ1650 የተሠራው የክሪሶፒጊ ገዳም ከምድሩ በተሰነጠቀ ዓለት ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል፤ የሚገባውም በትንሽ ድልድይ ነው። እመቤታችንን የደሴቲቱ ጠባቂ አድርገው ነው የሚያከብሩት። ሴቶች ነጠላ ከያዙ እዚህ ይጠቅማቸዋል፤ ለወንዶችም ቁምጣው ላይ የሚደረብ ሱሪ ቦርሳ ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው። ከገዳሙ አጠገብ ያለው አፖኮፍቶ የሚባል ዳርቻ ታቬርናም ጥላም አለው። ምሳ እዚህ ነው። ከምሳ በኋላ አውቶቡሱ ከዋናው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ወይም ጉልበት ከተረፈ ወደ ሌላው የባሕር ዳርቻ ወደ ፕላቲስ ያሎስ 45 ደቂቃ ያህል ተራምዶ ከዚያ መሳፈር ይቻላል።

ሁለተኛው ጥሩ መንገድ ከአጊዮስ አንድሬያስ ወደ ቫቲ የሚወርደው ነው። አጊዮስ አንድሬያስ በ425 ሜትር ኮረብታ ላይ ያለ የሚኬኔ ዘመን (ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ የጥንት ግሪክ ሥልጣኔ) ምሽግ ነው፤ ትንሽ ሙዚየምም አለው፤ የሚከፈትበት ሰዓት አጭር ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አፖሎኒያ ላይ ጠይቁ። ከዚያ ወደ ቫቲ ሁለት ሰዓት ተኩልና ሦስት ሰዓት ቁልቁለት ነው፤ የሚጎዳውም ሳንባ ሳይሆን ጉልበት ነው፤ ምርኩዝ ያዙ። ቫቲ በኮረብታ የተከበበ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ ሜልቴሚ ሲነፍስ እንኳ ውኃው የረጋ ነው፤ ታቬርናዎቹ ጠረጴዛቸውን አሸዋው ላይ ነው የሚዘረጉት። ከጥንዶቹ አንዱ መሄድ የሚወድ፣ ሌላው የማይወድ ከሆነ ቀኑ የሚድነው እዚህ ነው። አንዱ በእግር ይወርዳል፣ ሌላው አራት ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ይዋኛል፣ ያነባል፣ ጠረጴዛ ይይዛል። ሁለቱም በስምንት ሰዓት አንድ ማዕድ ላይ ናቸው፣ ማንም ማንንም አልጎተተም። መመለሻ አውቶቡሱን ግን አስቀድማችሁ እዩ፤ ከወቅቱ ውጭ ቁጥሩ ጥቂት ነው።

ወደ ነቢዩ ኤልያስ ገዳም፣ 680 ሜትር ገደማ ወዳለው የደሴቲቱ አናት፣ ከካታቫቲ መንደር ተነሥቶ ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩልና ሁለት ሰዓት ይበቃል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም፤ የሚፈትነው ፀሐዩ ነው። በበጋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት መነሣት ያስፈልጋል። ገዳሙ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፣ ላይ ውኃ አገኛለሁ ብሎ መሄድም አይገባም።

መንገድ የሚያሳስቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ የእግር መንገዱ አስፋልቱን አቋርጦ በወዲያኛው በኩል ይቀጥላል፤ መቀጠያው አንዳንዴ ጥቂት ሜትሮች ወደ ጎን ነውና ሰዉ ሳያየው አስፋልቱን ይዞ ይነጉዳል። አስፋልት ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከሄዳችሁ ተመለሱና ቁጥር የተጻፈበትን ትንሽ ሰሌዳ ፈልጉ። ሁለተኛው፣ በኖራ የተቀባው ያማረ ቅያስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን በየኮረብታው ስላለ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። በድንጋይ ካቡ መካከል ደግሞ በሽቦ ወይም በገመድ የታሰረ የፍየል በር አለ፤ አንዳንዱ የድሮ አልጋ ሽቦ ነው። ፈትታችሁ ግቡ፤ ከዚያ በነበረበት ቋጠሮ መልሳችሁ እሰሩት። ክፍት ከተተወ ፍየሎቹ የሰው ማሳ ይገባሉ፤ ባለቤቱ በሚቀጥለው ዓመት መንገዱን ይዘጋዋል።

ጫማው ሶሉ የሚይዝ ይሁን፤ የተነጠፈው ድንጋይ በዘመናት እግር ተወልውሎ ደረቅ ሆኖም ያዳልጣል። ካልሲው ከቁርጭምጭሚት በላይ ይውጣ፤ ከመንገዱ ዳርና ዳር ያለው ቁጥቋጦ እሾሃም ነው። ውኃ በሜይ ለአንድ ሰው 1.5 ሊትር፣ በኦገስት 2.5 ሊትር፤ አንዱ የሁለቱንም አይሸከም፤ ቢለያዩ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። ቆሎ ከቤት ይዞ መሄድ ከምንም ይበልጣል፤ አይቀልጥም፣ አይበላሽም፤ ከምሳ በፊት ባለው ሰዓት በረኃብ ምክንያት የሚነሣውንም ጭቅጭቅ ያስቀራል። ቀስ ብሎ የሚሄደው ፊት ይሁን። ፈጣኑ ፊት ሲሆን ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላው ሲደርስ እሱ አርፎ ይነሣል፤ ስለዚህ ማረፍ የሚያስፈልገው ሰው ጭራሽ ሳያርፍ ይውላል። ለአደጋ በመላ ግሪክ 112 ይደወላል፤ የጤና ጣቢያው አፖሎኒያ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። እሑድን የሚያህል ቀን የለም፤ ጉዞው አንድ እሑድ ብቻ ከያዘ ያ ቀን ለሬቪታዳ ይቀመጥ። ሬቪታዳ ሽምብራ፣ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይት፣ ቤይ ሊፍ ቅጠልና ጨው ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ስኬፓስታሪያ በሚባል ክዳን ባለው የሸክላ ድስት ሆኖ በእንጨት የጋለ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ እሳቱ ቀስ በቀስ እየበረደ ሌሊቱን ሙሉ ያበስለዋል፤ እሑድ ጠዋት ይወጣል። ክዳኑ ሲነሣ ላዩ ላይ ያለው ሽምብራ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ትንሽ ተጨማድዷል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳው ሳይፈነዳ እንደ ቅቤ ለስልሷል፤ መረቁ ከሽንኩርቱ ጋር ተዋህዶ ወፍሯል። ሎሚ ይጨመቅበታል፣ በዳቦ ይበላል። የሚዘጋጀው በልክ ስለሆነ ያልቃል፤ ቅዳሜ ምሽት ወደ ታቬርናው ጎራ ብሎ «ለነገ ሁለት ሰሃን» ማስያዝ ብልህነት ነው። በሌላ ቀን የሚሸጡም አሉ፤ አንዳንዱ የእሑዱ የሞቀ፣ አንዳንዱ በተራ ድስት የተቀቀለ ነው፤ መብላት ይቻላል፣ ያው ግን አይደለም።

ማስቴሎ ሁለተኛው ነው። የጠቦት ወይም የፍየል ሥጋ በሸክላ ውስጥ በተረበረበ የወይን ተክል ጭራሮ ላይ ተቀምጦ በቀይ ወይንና ዲል በሚባለው እንስላል መሰል ቅጠል ይበስላል። ጭራሮው ሥጋውን ከታች ከሚንጠባጠበው ስብ ያርቀዋል። የፋሲካ ምግብ ነው፤ በሌላ ጊዜም ታቬርናዎች ይሠሩታል። ለሁለት ሰው አንድ ሰሃን ይበቃል። ከአይቡ ማኑራን ሞክሩ፤ በወይን አተላ ውስጥ ስለሚያረጅ ልጡ ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ይጎመዝዛል፣ ያቃጥላልም፤ ለስላሳ አይብ የለመደ ቀስ ብሎ ይጀምር። የካፓሪ ሰላጣ ደረቅ ካፓሪ (የአንድ ቁጥቋጦ እምቡጥ) ከሽንኩርት ጋር ተቀቅሎ የሚሠራ የደሴቲቱ የራሷ ነገር ነው፤ ጨዋማ ስለሆነ ከዳቦ ጋር ይሄዳል። ከጣፋጩ የአርቴሞናስ የለውዝ ብስኩት ጥሩ ነው፤ የጦስኝ ማሩም።

አስተዛዘዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ታቬርና ውስጥ ምግብ መሐል ተቀምጦ በጋራ ነው የሚበላው፤ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም እያንዳንዱ ለራሱ ሰላጣና ዋና ምግብ ሲያዝ ጠረጴዛው ይሞላል፣ ግማሹም ይተርፋል። ለሁለት ሰው አንድ ሰላጣ፣ ሁለት ትናንሽ ሰሃን፣ አንድ ዋና ምግብ አዝዛችሁ ጀምሩ፤ ካነሰ ይጨመራል። የሚመጣው በበሰለበት ቅደም ተከተል ነው፤ ዋናው ምግብ ከሰላጣው ቢቀድም አስተናጋጁ አልተሳሳተም። ዳቦው ባይታዘዝም ይመጣል፤ በሰው ትንሽ ሂሳብ ይታሰባል። የቤት ወይን የሚለካው በኪሎ ነው፤ «ሚሶ ኪሎ» ሲባል ግማሽ ሊትር ነው፤ ለምሳ ሁለት ሰው ይበቃዋል። ትኩስ ዓሣ በኪሎ ስለሚሸጥ ሰሃኑ ላይ ሲመጣ ዋጋው አይጠየቅም፤ ተነሥታችሁ ማቀዝቀዣው ጋ ሂዱ፣ ምረጡ፣ ከመጠበሱ በፊት ይመዘን። በረዶ ውስጥ የቆየ ከሆነ ምናሌው ላይ ምልክት ማድረግ ግዴታቸው ነው። ደረሰኝ ጠይቁ። ዓሣ ካልታዘዘ የሁለት ሰው ምሳ ከወይን ጋር ከ35 እስከ 50 ዩሮ ባለው ውስጥ ያልቃል። ጉርሻ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል። እራት የአገሩ ሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው የሚቀመጠው፤ በአንድ ሰዓት ብትሄዱ ወጥ ቤቱ ገና ነው።

ለሚጾም ሰው ሲፍኖስ ከብዙ የአውሮፓ ቦታ ትቀላለች፤ ልዩነቱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። «ኒስቲሲሞ» ብላችሁ ስትጠይቁ የጾም ምግብ ያመጡላችኋል። በግሪኮች ሥርዓት ግን ደም የሌላቸው የባሕር ፍጥረታት፣ ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ፣ በጾም ይፈቀዳሉ። ስለዚህ የጾም ሰሃኑ ላይ ኦክቶፐስ ተቀምጦ ቢመጣ ቀልድ አይደለም፤ «ያለ ባሕር ምግብ» ብላችሁ ጨምሩበት። የተጠበሰው የዝኩኒ ኳስ እንቁላልና አይብ ስለሚገባበት አይሆንም፤ የሽምብራው ብዙ ጊዜ ያለ እንቁላል ነው፤ ጠይቁ። በሩዝ የተሞላው ቲማቲም አንዳንድ ቦታ የተፈጨ ሥጋ አለው። አስተማማኙ «ላዴራ» የሚባለው በወይራ ዘይት የተሠራ ወገን ነው፦ ፎሶሊያ፣ ባሚያ፣ ትልልቁ ባቄላ፣ የተቀቀለ የዱር ጎመን። የእነሱ የነሐሴ ጾም ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው፤ የእኛ ፍልሰታ ከኦገስት 7 ጀምሮ እስከ 21 ድረስ ስለሚዘልቅ መጨረሻ ላይ እናንተ ስትጾሙ እነሱ ይፈስካሉ። ላዴራው ግን በጋውን ሙሉ አለና አትቸገሩም። የኦገስት 15 በዓል ሰሞን መርከብም ክፍልም ከወራት በፊት መያዝ አለበት።

ፋሲካቸው ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል ዕርገትም እንዲሁ ነው፤ የክሪሶፒጊ ትልቁ በዓል ደግሞ የዕርገት ነው። በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ዕርገት ሰኔ 3 ይሆናል፤ ማዕዱ የሚቀርበው በዋዜማው ምሽት ነው። የነቢዩ ኤልያስ ደግሞ ጁላይ 19፣ ሐምሌ 12 ማታ፣ ሰዉ ተራራውን ወጥቶ ነው የሚያከብረው። በእነዚህ በዓላት ሥዕሉን ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ያቆየ ሰው ድግሱን ይደግሳል፤ ከዚያ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል፤ የጽዋ ማኅበር ለሚያውቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንግዳ ሁሉ ይቀመጣል፤ ሽምብራ፣ ሥጋና ወይን ይቀርባል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ በተራ ነው የሚበላው፤ በልታችሁ ስትጨርሱ ቶሎ ተነሡ፣ ጧፍ አብርታችሁ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ የቻላችሁትን ጣል አድርጉ። ቅዳሴ መቆም ይቻላል፤ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በቁርባን አንድ ስላልሆኑ ግን ለመቁረብ መሰለፍ አይገባም።

ሸክላ መግዛት የሚፈልግ ቫቲ፣ ፕላቲስ ያሎስ ወይም ካማሬስ ካሉት ሠሪዎች ይግዛ፤ ለጌጥ ነው ወይስ ለእሳት ብሎ መጠየቅ ግን አለበት፤ ሁለቱ አይመሳሰሉም። አዲሱን ድስት ከመጠቀማችሁ በፊት አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ምግቡን ይዞ ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ ይግባና አብሮ ይሙቅ። ከጋለ ኦቨን ወደ ቀዝቃዛ እብነ በረድ ካረፈ ይሰነጠቃል። ቤት ለመሥራት ግማሽ ኪሎ ነጩን ትልቁን ሽምብራ 12 ሰዓት ዘፍዝፉ፤ የእኛው ቡናማ ትንሹ ሽምብራም ይሆናል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ግን ይጨምራል። ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት በቀለበት ቆርጣችሁ፣ ግማሽ የቡና ስኒ ሳይሆን ግማሽ የሻይ ብርጭቆ የወይራ ዘይት፣ ሁለት ቤይ ሊፍ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ውኃው ከሽምብራው ሁለት ጣት ከፍ ይበል። በ150 ዲግሪ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት፣ ክዳኑ ሳይነሣ። ሲፍኖሶች የዝናብ ውኃ የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካልሲየም የበዛበት ውኃ የሽምብራውን ቆዳ ያጠነክረዋል። የቧንቧችሁ ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ የታሸገ ተጠቀሙ። መሐል ላይ ውኃ ቢያንስ የፈላ እንጂ ቀዝቃዛ አይጨመር። ሎሚም ድስቱ ውስጥ አይገባም፤ አሲዱ እንዳይለሰልስ ስለሚያደርገው ሰሃን ላይ ከቀረበ በኋላ ብቻ ይጨመቅበት።